ሦስት ነፍስ፣ አንድ ወንበር

ባሏ ከሞተ ወዲህ ፈሪዳ ሙቅና ቀዝቃዛ ውሃ መለየት አቅቷታል። ሐኪም አይቷታል፤ ነርቩም ደሙም ደህና ነው ተብላለች። ደህና ከሆነ ይሁን ብላ ወጣች። ለሥራ ቤልቪው ሄዳ የምትንከባከባቸውን አሮጊት ስታጥብ ቴርሞሜትር ታጠልቃለች። ቤቷ ልጇን ሐያን ትጠራለች። መረዳጃው ክፍል ውስጥ ደግሞ ሶፍያን «እስቲ እጅሽን ክተቺበት» ትላታለች፤ ሶፍያ ክንዷን እስከ ክርኗ ነክራ ወይ «ደህና ነው» ትላለች፣ ወይ «ኧረ የሰው ገላ ነው፣ ዶሮ አይደለም!» ብላ ቀዝቃዛውን ትከፍታለች።

መረዳጃው ከአገር ቤት የመጡ ሙስሊም ቤተሰቦች ያቋቋሙት ነው። ሰው ሲሞት ያጥባል፣ ይከፍናል፣ ይቀብራል፣ ለቅሶ ቤት ምግብ ያደርሳል። ክፍሉ ቢከን ሂል በሚባለው ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ወረድ ብሎ፣ አንድ ሕንፃ ቤዝመንት ውስጥ ነው፦ ወደ አንድ በኩል ያዘነበለ የብረት ጠረጴዛ፣ የውሃ ጎማ፣ ለሬሳ ማጠቢያ ውሃ የሚጨመረው የካፉር ሽታ፣ ከጎኑ ስብሰባ የሚካሄድበት አዳራሽ። የሞቱ ወንዶችን ወንዶች ያጥባሉ፣ ሴቶችን ሴቶች። የሴቶቹ አጣቢዎች አምስት ናቸው፤ ሁሉም እዚያው አካባቢ የሚኖሩ፣ በእግራቸው የሚመጡ። አንጋፋዋ ሶፍያ ናት፤ ጉልበቷ ደረጃ አይወድም፣ አፏ ግን ማንንም አይፈራም።

ፈሪዳ ባሏ ዓብዱልባሲጥ ሲቀበር አላለቀሰችም። ከዚያም በኋላ አላለቀሰችም። ሰው «ጠንካራ ነሽ፣ ማሻአላህ» ይላታል። ጠንካራ አልነበረችም። ምንም አልነበረችም። ቀኑ ይመጣል፣ ባስ ትሳፈራለች፣ አሮጊቷን ታበላለች፣ ትመለሳለች፣ ልጆቿ የሚነግሯትን ትሰማለች፣ ወዲያው ይጠፋባታል። እጇ ሳይታዘዝ ሥራውን የሚያውቅበት ቦታ አንድ ያ ክፍል ብቻ ነበር። እዚያ ስትገባ ቀኝ ጎን መቼ፣ ግራ ጎን መቼ፣ ፀጉር በስንት ጉንጉን እንደሚጎነጎን ማሰብ የለባትም። የቀራት እሱ ነው። እሱ ሊወሰድባት እንደሆነ የሰማችው ደግሞ ከሁሉም ሰው በኋላ ነው፤ ከከተማው በስተሰሜን ሊንውድ የሚኖረው የመረዳጃው ወገን አዳራሹንም ክፍሉንም ወደዚያ ሊወስድ ነው፣ እሑድ ድምፅ ይሰጥበታል ተባለ። እሺ ብላ ስልኩን ዘጋች።

ቅዳሜ ከሥራ ስትገባ ሐያ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ትልቅ ካርቶን ዘርግታ ሽምብራ ትደረድራለች። ሐያ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። አማርኛ ትሰማለች፤ ስትመልስ ግን የመጣላትን ነው።

«ሽምብራዬን ምን እያደረግሽው ነው?»

«ኮንግረስ ነው፣ ማሚ። ኤይቲን ሰርቲን። ለሂስትሪ ክላስ።»

«ምን ማለት ነው?»

«የድሮው ምክር ቤት፣ የዛሬ ሁለት መቶ ዓመት የነበረው። ሶ፣ አንዷ ሽምብራ አንድ ሰውዬ ናት። ዋን ሃንድረድ ኤይቲ ቱ ጋይስ።»

«ሁሉም ወንድ?»

«ማሚ።» ሐያ ዓይኗን ወደ ጣሪያ ገለበጠች። «ኦፍ ኮርስ ሁሉም ወንድ። ሁሉም ነጭ።»

ፈሪዳ ኮቷን ሳታወልቅ ቆማ አየች። ኒውዮርክ ሃያ ሰባት ሽምብራ ተሰጥቷታል። ቨርጂኒያና ፔንሲልቫንያ ሃያ ሦስት ሃያ ሦስት። ሉዊዚያና አንዲት፣ ብቻዋን ጥግ ላይ። ለሠላሳ አምስት ሺህ ነፍስ አንድ ወንበር ነው አለች ሐያ፤ ሰው የበዛበት ግዛት ወንበሩም ይበዛል። ሳውዝ ካሮላይና ዘጠኝ ነበራት። ሐያ ግን ከዘጠኙ ሦስቱን ለይታ ቀይ ወረቀት ላይ አስቀምጣቸዋለች።

«እነዚህ ምን አጥፍተው ነው የተለዩት?»

«እነዚህ... ስሌቭስ ባይቆጠሩ ኖሮ አይኖሩም ነበር። አምስት ባሪያ እንደ ሦስት ሰው ይቆጠራል። ሲደመር ሦስት ወንበር ይመጣል።»

«እና ሦስቱን ባሮቹ መረጧቸው?»

«ኖ! ጌቶቻቸው ናቸው የመረጡት። ዛትስ ዘ ሆል ፖይንት። እነሱ ጀስት ተቆጠሩ።»

«ሴቶቹስ?»

«ነጮቹ? እነሱ ፉል ነው የተቆጠሩት። ልጆችም። ግን ቮት የለም።»

ፈሪዳ «እህ» አለች። ኮቷን ሰቅላ ሩዝ ልትጥድ ሄደች።

እዚህ ላይ ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። ይህን ሒሳብ ያወጡት ሰዎች መሃይም አልነበሩም። መጽሐፍ የሚያገላብጡ፣ ስለ ነፃነት ሲጽፉ ብዕራቸው የማይደናቀፍ ሰዎች ነበሩ። በዚያው ብዕር ሰውን አምስት ቦታ ሸንሽነው ሦስቱን ለራሳቸው አነሱ። ባሪያው በበዛ ቁጥር ጌታው ምክር ቤት ውስጥ ይበዛል፤ ጌታው በበዛ ቁጥር ባሪያውን ነፃ የሚያወጣ ሕግ ማለፍ ያቅተዋል። ሰውዬው በገዛ ነፍሱ ክብደት ታሰረ ማለት ነው። ባይቆጠር ይሻለው ነበር። እስቲ አስቡት፤ ሰው አልቆጠር ብሎ ቢለምን የሚሻልበት ቆጠራ!

ፈሪዳ ይህን ሁሉ አላሰበችም። ሩዙ ሲፈላ፣ ትንሹ ልጇ አኒስ «ራበኝ» እያለ ሲዞራት፣ ሦስቱ ሽምብራ ዓይኗ ላይ ነበሩ። እሷ፣ ሐያ፣ አኒስ። ሦስት።

ነገሩ እንዲህ ነው። መረዳጃው አሥራ አንድ ወንበር ያለው ምክር ቤት አለው። ቢከን ሂልና ሊንውድ በየነፍሳቸው ብዛት ይከፋፈሉታል፤ ሲቆጠር ሚስትም ልጅም አሮጊትም ይቆጠራል፣ ሲመረጥ ግን ስሙ የተመዘገበው አባወራ ብቻ ነው የሚመርጠው። ድሮ ቢከን ሂል ስድስት፣ ሊንውድ አምስት ነበሩ። ዓብዱልባሲጥ ሲሞት ፈሪዳ ዒዳ ገባች፤ ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ቤቷ የምትቀመጥበት ጊዜ ነው። በዚያ ጊዜ የሊንውዱ ሙነወር፣ የዓብዱልባሲጥ ታላቅ ወንድም፣ በየጁምዓው መጣ። ሥጋ አመጣ። የአኒስን ጫማ ገዛ። እናታቸውን እማማ ሁስናን «አንቺ ላይ ሸክም አይሁኑ» ብሎ ወደ ራሱ ቤት ወሰዳቸው። አንድ ቀን ደግሞ ሊወጣ ሲል በር ላይ ቆሞ «የመረዳጃውን ስም በኔ አድርጌዋለሁ፣ አንቺ ምንም አታስቢ» አላት። «አላህ ይስጥልኝ» አለችው። ከልቧ ነው ያለችው፤ በዚያን ጊዜ አለማሰብን የመሰለ ስጦታ አልነበረም።

ደግ ሥራ ነው። በእኛ ዘንድ ሟች ወንድም ካለው እንዲህ ይደረጋል፣ ማንም ክፉ አይለውም፤ ጉዱም ይኸው ነው። እማማ ሁስና ተቆጥረውም ሊንውድ አንድ ወንበር ለማግኘት የጎደለው ሦስት ነፍስ ነበር። ሦስቱ ነፍስ ቢከን ሂል ተኝተው እያደሩ በሙነወር ስም ሊንውድ ተቆጠሩ። ወንበሩ ተሻገረ። አሁን ስድስቱ የሊንውድ፣ አምስቱ የቢከን ሂል ነው።

ሩዙን አውጥታ ስትጨርስ ለሙነወር ኮል አደረገች።

«ጋሼ፣ ደህና አመሹ? እማማስ?»

«አልሐምዱሊላህ። ትንሽ ትንፋሽ ያጥራቸዋል እንጂ ደህና ናቸው። ምነው፣ በሰላም?»

«ያን ስም ይመልሱልኝ ልልዎት ነው።»

«የቱን ስም?»

«የመረዳጃውን። የኛን።»

ከሙነወር ጀርባ ቴሌቪዥን ይሰማል። «ምን አጎደልኩብሽ፣ ፈሪዳ?»

«ምንም አላጎደሉም።»

«ታዲያ ሰው ምን ይላል? የወንድሙን ቤት ጣለ አይለኝም? ሶፍያ ናት አይደል እንዲህ የምታስወራሽ?»

«ሐያ ናት። በሽምብራ።»

«በምን?»

«ተዉት፣ ጋሼ። ደህና ይደሩ።»

እሑድ አዳራሹ ሞላ። ወንዶቹ ፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ ተቀመጡ። ሊቀ መንበሩ ሐጂ ዓብዱረዛቅ ናቸው፤ ቅን ሰው ናቸው፣ ደንብ ከተጣሰ ግን ሌሊት እንቅልፍ አይወስዳቸውም። የሊንውዶቹ ተናጋሪ ሙነወር ነበር። ሰፊ ቦታ ነው አለ፣ አዲስ ንጣፍ ነው፣ ግድግዳው እስከ ጣሪያ ሴራሚክ ነው፣ ሃምሳ መኪና ፓርክ ያደርጋል።

«መኪና የሌለውስ?» አለች ሶፍያ ከኋላ።

«ባቡሩ እኮ አሁን ሊንውድ ይደርሳል፣ እህቴ ሶፍያ።»

«ባቡሩ ይደርሳል። ጉልበቴ ነው የማይደርሰው። ሐጂ፣ እኔ ስሞት ማን ያጥበኛል? ፓርኪንጉ?»

ሳቅ ሆነ። ሐጂ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረጉ። «በሥርዓት! ሴቶች ሐሳብ ካላችሁ በአባወራችሁ በኩል አቅርቡ።»

ፈሪዳ ተነሣች። መነሣቷን ያወቀችው ሰው ሲዞር ነው። ልቧ ቢመታ ደስ ባላት፤ አልመታም። ድምጿ የባስ ፌርማታ እንደምትጠይቅ ሰው ነበር።

«ሐጂ፣ እኔ አባወራዬ ሞቷል። ነፍሳችን ሊንውድ ተቆጥሯል አሉ። እኛ ግን የምንኖረው እዚህ ነው። ይውጣልን።»

ሐጂ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። «ልጄ፣ ቆጠራው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከረመዳን በፊት ነው። ስም የሚመለሰው ደግሞ የያዘው ሰው ሲለቅ ነው። ሙነወር፣ ምን ትላለህ?»

ሙነወር ቆመ። ክፉ ሰው ቢሆን ነገሩ በቀለለ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። «የወንድሜን ልጆች ሜዳ ላይ አልጥልም» አለ። «ሐዘን ላይ ናት፤ የምትናገረው ከልቧ አይደለም። እኔ እሸከማቸዋለሁ።»

«ማሻአላህ» አለ አንዱ። «አላህ ምንዳህን ይክፈልህ» አለ ሌላው። ወንዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚያ ሁሉ ምርቃት መሃል ሴትዮዋ ምን እንዳለች የሰማ የለም። ከኋላ የተቀመጡትም ቢሆኑ፣ ከሶፍያ በቀር፣ ወለሉን ነው ያዩት፤ ይህም ይጻፍ። ድምፅ ተሰጠ። ስድስት ለአምስት። ስድስተኛው እጅ ሲነሣ ፈሪዳ ገና አልተቀመጠችም ነበር፤ በእሷና በልጆቿ ነፍስ የቆመውን ወንበር፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ሰውዬ፣ የሰውዬውን እጅ አየች። ከዚያ ተቀመጠች።

ማታ ለሐያ ነገረቻት።

«ማሚ፣ ዛትስ ኖት ዘ ሴም ሲንግ» አለች ሐያ ቀስ ብላ። «እነሱ ፕሮፐርቲ ነበሩ። ሰው ይሸጣቸው ነበር።»

«አንድ አይደለም» አለች ፈሪዳ። «አንድ ነው አላልኩም። ሽምብራውን አንሺው፣ እራት እናቅርብ።»

ሐያ ፎቶ አንስታው ስለነበር ምክር ቤቱን ጠርጋ ወደ አንድ ማሰሮ ከተተችው።

ሦስት ሳምንት አለፈ። የሊንውዱ ክፍል ተዘጋጀ፤ የብረት ጠረጴዛው አዲስ፣ ገና ፕላስቲኩ ያልተነሣለት። የቢከን ሂሉ ኪራይ እስኪያልቅ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። ረቡዕ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ከሱብሂ ሰላት በኋላ፣ የፈሪዳ ስልክ ጠራ። ሙነወር ነው።

«እማማ ሄዱ» አለ።

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።»

«ሐኪም አይቷቸዋል፣ ወረቀቱም አልቋል። ከቀኑ ዙሁር ሰላት በፊት መታጠብ አለባቸው... እናንተን ላንሳችሁ ወይስ በባቡሩ ትመጣላችሁ?»

ፈሪዳ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ያረሷት እማማ ሁስና ናቸው። ሐያን አቅፈው «ይቺ የኔ ናት፣ አንቺ ሌላ ውለጂ» ይሏት ነበር። ይህን ሁሉ ታስታውሳለች፣ የሌላ ሰው ታሪክ እንደሚያስታውስ ሰው።

«እዚህ ያምጧቸው፣ ጋሼ» አለች።

«የት እዚህ?»

«ቢከን ሂል።»

«ክፍሉ እኮ ተዘግቷል።»

«ቁልፉ ሶፍያ ጋ ነው።»

«ፈሪዳ፣ ተወስኗል እኮ! አዲሱ ክፍል ተዘጋጅቶ...»

«እኔ አልወሰንኩም። ሶፍያም አልወሰነችም። አጣቢዎቹ አምስታችንም እዚህ ነን፤ ውሃውን እናሞቃለን። እሳቸውን ካመጡልን አሁኑኑ እናጥባለን።»

ሙነወር ቱግ አለ። «በእናቴ ሬሳ ነው የምትደራደሪኝ?»

«አልደራደርም። የት እንዳለን ነው የምነግርዎት።»

ስልኩን ዘጋ። ፈሪዳ ተነሥታ ልብሷን ለበሰች። ሶፍያ ቁልፉን ይዛ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ሌሎቹ ሦስቱም አንድ በአንድ መጡ። ማንም ማንንም አላሳመነም። ሙነወር የማይመጣ ቢሆንስ ያለ የለም፤ ሁሉም ግን መስኮቱን ነው የሚያዩት። በስብሰባ ዕለት ወለሉን ያዩትም ጭምር። ሊንውድ ሃምሳ መኪና፣ አዲስ ሴራሚክ፣ ስድስት እጅ ነበረው። ሴት ልታጥብ የምትችል አንዲትም ሴት አልነበረችውም። ምክር ቤቱ ሲቆጥር ይህን ማንም አልቆጠረውም ነበር።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን የመረዳጃው ቫን በዝናቡ ውስጥ መጥቶ ቆመ። ሙነወር ራሱ ነው የነዳው። ከሁለት ሰዎች ጋር ሆኖ እናቱን አወረደ፣ ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ፣ ወጣ። ወንድ እዚያ አይቆምም። በሩ ሲዘጋ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

«የማሞቂያውን ስቲም ዝጊው፣ መስታወቱ ላበ» አለች ሶፍያ ለአንዷ። ፈሪዳ የውሃውን ባልዲ አቀረበች።

«እስቲ እጅሽን ክተቺበት፣ ሶፍዬ።»

ሶፍያ ነከረች። «ደህና ነው። ቢስሚላህ በይ።»

በቀኝ ጎን ጀመሩ። እማማ ሁስና በጣም ቀለዋል። ፀጉራቸውን ሦስት ጎንጉነው ወደ ኋላ አደረጉት። ካፉሩ በመጨረሻው ውሃ ገባ። የፈሪዳ እጅ ሥራውን ያውቅ ነበር፤ ፊቷ ላይ የሚታይ ነገር አልነበረም፣ ውስጧም እንደዚያው። ከፈኑን ጠቅልለው ሲያስሩ ብቻ ከበሩ ውጭ የትልቅ ሰው ለቅሶ ተሰማ። ሶፍያ ቀና ብላ ፈሪዳን አየቻት።

«ሂጂና ጨረስን በይው።»

ፈሪዳ በሩን ከፈት አደረገች። ሙነወር ፊቱን በሻርፕ ጠረገ።

«ፊታቸው እንዴት ነው?» አለ።

«እንደተኛ ሰው።»

«አንቺ እንድታጥቢያቸው ነበር የሚፈልጉት። ነግረውኝ ነበር።» ጫማውን አየ። «የት እንደሆነ ግን አልነገሩኝም።»

«እዚህ ነዋ፣ ጋሼ። ሌላ የት ያውቃሉ?»

ሙነወር ሰዎቹን ጠርቶ እናቱን ተሸከመ።

ለቅሶው ሊንውድ ተቀመጠ፤ ንፍሮው ግን ከቢከን ሂል ሄደ። ማታ ፈሪዳ ስንዴው አልበቃ ብሏት ያገኘችውን ማሰሮ ሁሉ ድስቱ ውስጥ ስትገለብጥ ሐያ ከኋላዋ ጮኸች።

«ማሚ፣ ዌት! ዛትስ ቨርጂኒያ!»

«ቨርጂኒያ ሊበስል ነው። ጨው አቀብዪኝ።»

ኪራዩ ታደሰ። ማን ተሰብስቦ እንዳሳደሰው የሚናገር የለም፤ ውሳኔው ዛሬም «ሊንውድ» ይላል፣ የሞቱ ሴቶች የሚታጠቡት ግን ቢከን ሂል ነው። ረመዳን ሊገባ ሲል ሐጂ ዓብዱረዛቅ ለቆጠራው ደወሉ። ፈሪዳ የአኒስን ገላ ልታጥብ ገንዳውን እየሞላች ነበር።

«ልጄ፣ ሙነወር ደውሎልኝ ነበር። የነሱን እሷን ይጠይቋት ብሎኛል። ለቅቋል ማለት ነው መሰለኝ።»

«እሺ።»

«ስንት ነፍስ ልበል?»

«ሦስት።»

«በማን ስም?»

«በፈሪዳ።»

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ድምፁስ?»

«ድምፁም በፈሪዳ።»

«እንግዲህ... በደንቡ ላይ አባወራ ነው የሚለው። እማወራ የሚል የለም እኮ።»

«እንደሌለ አውቃለሁ፣ ሐጂ። ይጻፉት።»

ስልኩ ውስጥ ብዕር ሲጭር ተሰማ፤ ስሟን ጽፈውት ይሁን አይሁን እሷ አላወቀችም። ደስ አላት ማለት ውሸት ነው። ስልኩን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች፣ እጇን ገንዳው ውስጥ ከተተች፣ እዚያው ትንሽ አቆየችው።

«ሐያ» ብላ ተጣራች። «ነይ እስቲ፣ ውሃውን እይልኝ።»